ታጣፊ፣ ባለቁልፍ ወይስ ታች ስልክ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አዳማ ላይ ብዙ ሰው ስልክ የሚመርጠው ካሜራውን አይቶ ነው። ለስልኩ ዕድሜ ግን ቅርጹ የበለጠ ይወስናል።

ታጣፊ ስልክ ስክሪኑን ከጭረት ይጠብቃል፤ ድክመቱ ማጠፊያው ላይ ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው ስስ ፍሌክስ (ተጣጣፊ ሽቦ) ስልኩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል። ሲሰነጠቅ ስክሪኑ ይጨልማል፣ አንዳንዴም የጆሮው ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ ሲገዙ ቀስ ብለው እየከፈቱ መሃል ላይ ያቁሙት፤ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ይተዉት።

ለእናት ለአባት ከሆነ ባለቁልፉ ይሻላል። በ*127# ቴሌብርን ያለ ኢንተርኔት ይጠቀሙበታል። አማርኛ ማሳየቱን ግን አስቀድመው ይፈትኑ፤ ፊደላችን ያልተጫነበት ስልክ መልእክቱን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያወጣዋል፤ ይህ ደግሞ ለአረጋውያን ትልቅ በደል ነው።

ታች ስልክ የሚፈራው ሙቀትን ነው። የከተማችን ፀሐይ የሊቲየም ባትሪን ቶሎ ያስረጃል፤ በተለይ ቻርጅ ላይ እያለ መኪና ውስጥ አይተዉት። ያገለገለ ሲገዙ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ ጀርባው ከተነፋ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሣ ባትሪው አብጧልና አይግዙት። ቻርጅ አልይዝ ካለ ደግሞ የቻርጅ ማስገቢያውን ከማስቀየርዎ በፊት ስልኩን አጥፍተው በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ አቧራውን ቀስ ብለው ያውጡ። በነፋሻማው ወቅት ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

የትኛውንም ሲገዙ *#06# ይጫኑና የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

የሞባይል ጥገና ባለሙያዎች፣ አዳማ