ጥቀርሻው ከየት ነው የሚመጣው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ዋና አስፋልት ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳ ላይ ነጠላ አጥቤ ሳሰጣ፣ ማታ በመንገዱ በኩል ያለው ጠርዝ ግራጫ ሆኖ ይጠብቀኛል። በጣቴ ሳሸው ይቀባል፤ እንደ ቅባት ያለ ነገር አለው። በጓሮ በኩል መስኮቱ ላይ የሚያርፈው ግን ቡናማ ነው፤ ሲያራግፉት ብን ይላል። ከጀርባችን ያሉት ቤቶች ፈርሰው ቁፋሮ ላይ ናቸው።

ልጄ ደረቷን ያማታል። ሐኪሟ "ከጢስና ከአቧራ አርቋት" አለኝ። እሺ አልኩ። ግን ከየትኛው? ስለ አየራችን የማነበው ሁሉ "ብክለቱ ጨመረ" ብሎ ያበቃል። ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ የለም።

በዓይን የምናየው ትልልቁን አቧራ ነው። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ አንድ ፀጉር ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይወፍረዋል። ይህን ለመያዝ አየሩ በማጣሪያ ውስጥ ይሳባል። ማጣሪያው ላይ የቀረው ላቦራቶሪ ይገባል። ደግነቱ፣ እያንዳንዱ ምንጭ የራሱን ምልክት ይተዋል። እንጨት ሲነድ ሌቮግሉኮሳን የሚባል ከስኳር የሚዛመድ ነገር ይወጣል። ከመኪና ሞተር ዘይት ሆፔን የሚባሉ ውህዶች ይመጣሉ። አፈር በሲሊኮንና በአሉሚኒየም ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ሂሳብ ነው፤ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ይወጣል።

ይህ እኛም አገር ተሠርቷል። ከ2008 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ጀምሮ ለአንድ ዓመት፣ በየስድስት ቀኑ መሃል አዲስ አበባ ላይ ናሙና ተወስዷል። በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 54 ማይክሮግራም ያህል ደቃቅ ብናኝ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የዓመቱ አማካይ እንዳያልፈው የሚመክረው 5 ነው። ከብናኙ 28 በመቶው ከተሽከርካሪ፣ 18 በመቶው ከእንጨትና መሰል ማገዶ፣ 17 በመቶው ከአፈር አቧራ ነበር። እኔን የገረመኝ የክረምቱ ነው። ዝናቡ አየሩን ያጥበዋል ብዬ ነበር የማስበው። በክረምት ግን የተሽከርካሪው ድርሻ ወደ 31፣ የማገዶው ወደ 22 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ከተማው ይታፈናል። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ የቀረ ልማድ ነው፤ መቅረት አለበት እላለሁ። ግን የአንድ ቀን ጢስ ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የሚያወሩት ስለ ዓመት ሙሉ ነው፤ በየማለዳው ስለሚጮኸው ሚኒባስ፣ መብራት ሲጠፋ በእንጨት እንጀራ ስለምትጋግረው ጎረቤቴ። እሷን ብትቀጧት ምን ዋጋ አለው? መብራቱ ካልጠፋ እንጨት አትነካም።

አሁን ግን እነዚያ ቁጥሮች አርጅተዋል። ከዚያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ አሮጌዎቹ ግን እየሄዱ ነው። በኮሪደር ልማቱ ስንት ሰፈር ፈርሶ ተሠራ። የአሜሪካ ኤምባሲ ያስቀመጣቸው መለኪያዎች መረጃም ከ2017 ዓ.ም. የካቲት ጀምሮ ለሕዝብ መድረሱ ቆሟል። እነሱም ቢሆኑ የሚናገሩት ብዛቱን እንጂ ምንጩን አልነበረም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ጥናቱ እንደገና ይሠራ። መሃል ከተማ ብቻ አይሁን፤ መርካቶ፣ ፋብሪካ በበዛበት አቃቂ ቃሊቲ፣ ከእንጦጦ እንጨት በሚወርድበት ሽሮ ሜዳም ይሁን። ክረምቱን ጨምሮ ዓመቱን ሙሉ ይለካ። ውጤቱም በአማርኛ፣ በየሰፈሩ ተለይቶ ይነገረን። ጋዜጣችሁም የሚመለከታቸውን ሰዎች ይህን ደጋግማ ብትጠይቅልን ደስ ይለኛል።

የናሙና መውሰጃ ማስቀመጫ ቦታ ካስፈለገ የእኔ በረንዳ አለ። የመብራቱንም እኔ እችላለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ