ለልጄ፣ ስለ ኤሊሳቤጥ ሶፊ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስለ ጀርመን መሳፍንት ለምትጽፊው ጽሑፍ ባለፈው በስልክ «እማ፣ ሁሉም ዮሃን፣ ሁሉም ኤርነስት ነው፤ ተምታታብኝ። ደሞ የጀርመን መሳፍንት ጋብቻ ለእኛ ምናችን ነው?» ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ተሳፍሬ የመስፍኑ ሚስት ኤሊሳቤጥ ሶፊ ወደኖረችባት ወደ ጀርመኗ ከተማ ጎታ ሄድኩ። ያየሁትን ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ከተማውን ቁልቁል እያየ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ከዋናው በር በላይ ሁለት ሴቶች ሲሳሳሙ ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል። አንዷ ሰላም፣ አንዷ ፍትሕ ናቸው። «ሰላም ታበላለች፣ ጠብ ትበላለች» የሚል ጽሑፍም አለ። ካፊያ ነበር። ጃንጥላዬን ወደ ኋላ አድርጌ አንጋጥጬ ሳይ፣ ከዳዊት «ጽድቅ ወሰላም ተሳዐማ» የሚለው አፌ ላይ መጣ። ግንባታው የተጀመረው በ1643 ነው። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና አላለቀም ነበር።

ያሠራው የጎታው ዱክ (መስፍን) ኤርነስት ነው፤ ሉተራን ነው፣ የፕሮቴስታንቱ የማርቲን ሉተር ተከታይ፤ ሰዉ «ጻድቁ» ይለዋል። ቅድመ አያቱ በ1547 ሚውልበርግ ላይ በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ተማርኮ፣ ንጉሠ ነገሥት የመምረጥ ሥልጣኑንና ብዙ ርስቱን ተነጥቋል። የወሰደበት ሞሪትዝ የሚባል ዘመዱ ነው፤ እሱም ሉተራን ነው። ሞሪትዝ ደግሞ የሌላው የሉተራን መሪ፣ የሄሰኑ የፊሊፕ አማች ነበር። አማቱም ታሰረ፤ አምስት ዓመት። ስለዚህ «ተጋብተዋልና ወዳጅ ናቸው» ብለሽ እንዳትጽፊ አደራ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኤርነስት በ1636 አልተንቡርግ ላይ የዚያን አገር ዱክ ልጅ ኤሊሳቤጥ ሶፊን አገባ። እሷ 17 ዓመቷን መድፈኗ ነው፤ እሱ ወደ 35 እየተጠጋ ነበር። አባቷ ለኤርነስት የአጎቱ ልጅ ነው። እኛ ጋ ቢሆን ሽማግሌው ገና ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ተነስቶ ይሄድ ነበር። እነሱ ጋ ግን ክልሉ ጠባብ ነው። ከ1555ቱ የአውግስቡርግ ስምምነት ወዲህ የአገሬው ሃይማኖት የመስፍኑ ሃይማኖት ነው። ካቶሊክ ሚስት ከመጣች ካህኗ አብሮ ይመጣል፤ ወራሹን በማን እምነት እንደምታሳድገውም ያሰጋል። ስለዚህ ሙሽራ የሚፈለገው ከሉተራኖቹ ቤቶች ነው፤ ከዛክሰን፣ ከሄሰን፣ ከብራውንሽቫይግ፣ ከቩርተምበርግ። እነዚያው ቤቶች ተመልሰው ተመላልሰው ተጋቡ።

ሴት አያትሽን ሲድሯት ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ዘር ቆጠሩ፤ እስከ ሰባት ቤት። ቀጥለው መሬት ቆጠሩ። የሁለቱ ቤተሰብ ማሳ የሚዋሰን ነበር። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ይህን የነገረችኝ ቡና እየቆላች ነው። ብረት ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አነሳችና ዝም አለች። ቡናው ምጣዱ ላይ እየተንጣጣ ነበር። ጎታ ቆሜ ያሰብኩት እሷን ነው።

ኤሊሳቤጥ ሶፊ ለአባቷ አንድ ልጅ ናት። አባቷ በ1639 ሲሞት አገሩ ለወንድሙ ሄደ፤ ሴት አትገዛማ። ግን ኑዛዜው ውስጥ አንድ ነገር አስገብቶ ነበር። የወንድሜ የወንድ ዘር ከተቋረጠ ርስቱ ለልጄና ለባሏ ይሁን ይላል። 33 ዓመት ያ ወረቀት ተኛ። በ1672 የአልተንቡርግ የመጨረሻው ዱክ በፈንጣጣ ሞተ። ልጅ ነው፤ ገና 14 ዓመቱ። ቫይማርን የሚገዙት የኤርነስት ዘመዶች «እኛስ?» አሉና ድርሻ ተሰጣቸው፤ አብዛኛው ግን ወደ ጎታ ገባ። ኤርነስት ያን ያህል አገር ያገኘው በጦር አይደለም። በሚስቱ ነው።

እሷ 18 ልጆች ወልዳለች። አስራ ስምንት! ሰባት ወንዶች ከአባታቸው ሞት በኋላ ተረፉ። ካቶሊክ ቢሆኑ ታናናሾቹን ጳጳስ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ሉተራን ቤት ግን ያ በር ተዘግቷል፤ ሁሉም መሬት ይፈልጋል። ኤርነስት በታላቃቸው መሪነት አብረው እንዲገዙ ተናዝዞ በ1675 አረፈ። አብረው ግን መኖር አልቻሉም። ከ1680 ጀምሮ ተካፈሉት፤ ጎታ፣ ኮቡርግ፣ ማይኒንገን፣ ሮምሂልድ፣ አይዘንበርግ፣ ሂልድቡርግሃውዘን፣ ዛልፌልድ። እናታቸው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሞተች። ያመጣችው አልተንቡርግም ተከፍሎ ነው የሞተችው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

«ለእኛ ምናችን ነው?» ላልሽው፤ በ1652 እዚህ ቤት አንድ ሐበሻ መጥቶ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ፤ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ሮም ያወቃቸው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ዱኩን አስፈቅዶ አስመጣቸው። ስለ አገራችን ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ነገሯቸው። ሉዶልፍ ከእሳቸው የተማረውን ይዞ የአማርኛ ሰዋስው ጻፈ፤ በ1698 እኔ በምኖርባት በፍራንክፈርት ታተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን አገራቸው አልገቡም፤ በ1658 ሲመለሱ ባሕር ላይ ሰጠሙ። በእንግድነት በመጡበት ጊዜ የቤቱ እመቤት ኤሊሳቤጥ ሶፊ ነበረች፤ 32 ዓመቷ ነው።

እና እናትዬ፣ ለጽሑፍሽ የዘር ሐረጉን ስትሥዪ ከዮሃኖቹ አትጀምሪ። ከእሷ ጀምረሽ ወደ ላይም ውጪ፣ ወደ ታችም ውረጂ፤ ያኔ አይምታታብሽም። የልጅ ልጇን ልጅ አውጉስታንም ፈልጊ፤ በ1736 ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ተድራ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ እናት የሆነችው እሷ ናት።

ሽሮና በርበሬ ሰኞ በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ ሲደርስሽ ደውዪልኝ። ረቂቁንም ላኪልኝ፤ ጀርመንኛው ቢከብደኝም መዝገበ ቃላት ይዤ አነበዋለሁ።

እናትሽ