ስለ ሄድፎን የወጣው ምክር ይታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ለጌምም ለሙዚቃም የሚሆን ሄድፎን ስለ መምረጥ የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ጉዳይ ቢያነሳም መደምደሚያው አንባቢን ለኪሳራ ይዳርጋል። የውጭ ድምፅ የሚያፍን ጥሩ ብሉቱዝ ከተገዛ ለሁሉም ይበቃል ይላል። ታክሲ ውስጥ ዘፈን ለመስማት እውነት ነው። ለጨዋታ ግን አይሆንም፤ ፕሌይስቴሽን ላይማ ጭራሽ አይገናኝም። ፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ 5 ተራ የብሉቱዝ ሄድፎን አይቀበሉም፤ ኤክስቦክስም እንደዚያው። እነሱ ላይ በአብዛኛው የሚሠራው ወይ ጆይስቲኩ ላይ የሚሰካ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ገመድ ነው፣ ወይ የራሱን ዶንግል፣ ማለትም ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማገናኛ፣ ይዞ የሚመጣ ገመድ አልባ። ዶንግሉም ለየትኛው ማሽን እንደተሠራ ካርቶኑ ላይ ይነበብ፤ ለፕሌይስቴሽን የተባለው ኤክስቦክስ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ብሉቱዙ ይገናኛል፤ ይዘገያል እንጂ። ኤስቢሲ በሚባለው የተለመደ አሠራር ድምፁ ጆሮ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። ጨዋታው በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ከሆነ እያንዳንዱ ምስል 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቆያል። 200 ሚሊሰከንድ ማለት እንግዲህ 12 ምስል ነው፤ ተኩሱ የሚሰማው ተጫዋቹ ከወደቀ በኋላ ነው። «ፊልም ሳይ ግን ልክ ነው» የሚል ይኖራል። ፊልም ላይ ልክ የሚሆነው ማጫወቻው መዘግየቱን አስልቶ ምስሉንም ስለሚያቆየው ነው። ጨዋታ ጣት መቼ እንደሚጫን አስቀድሞ አያውቅምና የሚያቆየው ምስል የለውም።

ማይክ ሲከፈት ደግሞ ይብሳል። ብሉቱዝ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ለሙዚቃ፣ ሌላው ለስልክ ጥሪ። ዲስኮርድ ላይ (ተጫዋቾች የሚነጋገሩበት መተግበሪያ ነው) ወይም ጨዋታው ውስጥ ማይኩ እንደተከፈተ ሄድፎኑ ወደ ጥሪው መንገድ ይዞራል። ያኔ ግራና ቀኙ አንድ ይሆናል፣ ከ8 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ሁሉ ይቆረጣል፤ በቆዩ ሄድፎኖች ላይ ከ4 ጀምሮ። የሚቀረው የቀበሌ ስብሰባ ሞንታርቦ ነው። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል፤ ምንም አልሆነም። ዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ሄድፎኑን ለመስሚያ ብቻ መምረጥ፣ ለማይክ የላፕቶፑን ወይም ለብቻው የተገዛ የዩኤስቢ ማይክ መምረጥ ነው። ዲስኮርድ የራሱ ሴቲንግ ስላለው እዚያም ካልተቀየረ የዊንዶውሱ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲሱ ብሉቱዝ ይህን ያቃልላል፤ ሄድፎኑም ኮምፒውተሩም ሁለቱም ሲደግፉት ብቻ።

ጽሑፉ «ባለ 50 ሚሊሜትር ስፒከር ከባለ 40 ይሻላል» ማለቱም ልክ አይደለም። ከ1991 ጀምሮ ስቱዲዮዎች ውስጥ የሚሠራበት ሶኒ ኤምዲአር 7506 ስፒከሩ 40 ሚሊሜትር ነው። ድምፅ ከዙሪያ ይመጣል ለማለት የሚጻፈው «7.1»ም እንዲሁ ብዙ አያታልል፤ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያሉት ስፒከሮች ሁለት ናቸው፣ የቀረው ከዙሪያ የመጣ የሚያስመስል ሂሳብ ነው። ያን ሂሳብ ዊንዶውስ በነፃ ይሠራዋል፣ ፕሌይስቴሽን 5 ለማንኛውም ባለ ገመድ ሄድፎን ይሠራዋል፣ ብዙ ጨዋታዎችም በውስጣቸው አላቸው። ከእነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከተከፈቱ ኮቴ ከየት እንደመጣ መለየት ይጠፋል፤ አንዱን ብቻ ከፍቶ ሌላውን መዝጋት ነው። ለሙዚቃ ሁሉም ይዘጋ።

ለጨዋታ ተብለው የሚሸጡ ርካሽ ሄድፎኖች ዋና ጉድለታቸው ባሱ ነው። ፍንዳታው ደረት እንዲመታ ተብሎ ይጎላል። ወፍራም ድምፅ ሲጎላ ደግሞ ከሱ ቀጠን ያለውን ይሸፍናል፤ ፍንዳታው ኮቴውን ይውጣል፣ ከበሮው ማሲንቆውን። ለጨዋታም ለዘፈንም ብለው ገዝተው ከሁለት ያጣ መሆን ይኸው ነው። ሱቅ ውስጥ ለመለየት በገና ይሻላል። በገናው እዝዝ የሚለው በጅማቱና በድልድዩ መካከል በምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ በእንዝራው ምክንያት ነው። ጥሩ ሄድፎን ላይ የጅማቱ ወፍራም ድምፅና የእንዝራው መርገፍገፍ ተለያይተው ይሰማሉ፣ የደርዳሪው ድምፅም መሐል ቁጭ ይላል። ባሱ የበዛበት ላይ ሦስቱም አንድ ጉርምርምታ ይሆናሉ። ድምፃዊው መሐል ከመሆን ይልቅ ጭንቅላት ዙሪያ ከተበተነና ባሱ ከጠፋ፣ አንደኛው ጆሮ ሽቦው ተገልብጦ ተበይዶ ሊሆን ይችላል፤ አይገዛ።

ከዚያ በኋላ የሚታየው ኦም ነው፤ ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ማለት ነው። ለስልክና ለጆይስቲክ ከ16 እስከ 80 ኦም ያለው ይበቃል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ የሚያስመጡ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ለምሳሌ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል፤ መልካቸው ይቀራረባል። 250ው ጆይስቲክ ላይ ሲሰካ እስከ ጥግ ተከፍቶም ያንሾካሹካል፤ ለብቻው አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ለዘመድ ስሙን ብቻ መላክ አይበቃም፣ ቁጥሩም አብሮ ይላክ። ስልኩ የጃክ ቀዳዳ ከሌለው የሚገዛው አስማሚ ውስጡ ዳክ፣ ማለትም የስልኩን ዲጂታል ምልክት ሄድፎኑ ወደሚቀበለው የሚለውጥ ቺፕ፣ ያለው ይሁን፤ ዳክ የሌለው ርካሹ አንዳንድ ስልክ ላይ ብቻ ይሠራል።

ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ድምፁን ሰፊ ያደርገዋል፣ አቅጣጫ ለመለየትም ይረዳል፤ የሚሆነው ግን ጸጥ ባለ ቤት ነው። ጌም ቤት ውስጥ ወይም ጄኔሬተር አጠገብ ዝግ ካልሆነ ሰው ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ወደ 20፣ በ86 ወደ 10፣ በ89 ወደ 5 ሰዓት። ቅዳሜና እሁድን ጌም ቤት የሚያሳልፍ ልጅ ይህን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ዝግ ሄድፎን እንግዲህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ባለ ገመድ ሲገዛ ገመዱ የሚነቀል ይሁን። ገመድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ጃኩ ሥርና ጆሮው መግቢያ ላይ ነው፤ ዘፈን እየተጫወተ ሁለቱን ቦታ በቀስታ ማጠፍ፣ ከተቆራረጠ መመለስ። ሲጠገን ከተበጠሰው በላይ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ይቆረጣል። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ላይ ቀለም የሚመስል ሽፋን አለ፤ በሙቀት ሳይነሳ ከተበየደ ድምፅ አይሰጥም። ተጠግኖ በማግስቱ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የጃኩ ቀለበቶች ይቆጠሩ፤ ሦስት ጥቁር መስመር ያለው ማይክም አለው፣ ሁለት ያለው መስሚያ ብቻ ነው። ለማይክና ለመስሚያ ሁለት ቀዳዳ ላለው ዴስክቶፕ ባለ ሦስት መስመሩን ለሁለት የሚከፍል ትንሽ ገመድ ያስፈልጋል፤ ያለሱ ማይኩ አይሠራም። የጆሮው ስፖንጅም ሲላጥ ጊዜ አይሰጠው፤ ክፍተት ከተፈጠረ ባሱ በዚያ ያመልጣል።

ከዚህ ሁሉ አንዷን እንኳ ብታትሙ ይህችን ብታትሙ ደስ ይለኛል። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሄድፎን ሲሰካ የጓደኛ ድምፅ ብቻ ተሰምቶ የጨዋታው ድምፅ ቴሌቪዥኑ ላይ ከቀረ ሄድፎኑ አልተበላሸም፤ ማሽኑ ሲመጣ እንዲያ ሆኖ ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስ፣ ከዚያ ኦዲዮ ዲቫይስ፤ «አውትፑት ቱ ሄድፎንስ» የሚለው «ኦል ኦዲዮ» ይደረግ።

የድምፅ መሣሪያ ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ