ለ62 ልጆች አንድ ላፕቶፕ፦ ከቱሉ ዲምቱ ወላጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ከዚህ ሰፈር ወደ ሌላ የሄዳችሁ ጎረቤቶቻችን፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው የአንዲት ስምንተኛ ክፍል ተማሪ እናትና የትምህርት ቤታችን የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት (ወተመህ) አባል ሆኜ ነው። የምንጠይቃችሁ ለልጆቻችን የኮምፒውተር ክፍል ድጋፍ ነው፤ ነገሩን ግን ከገንዘቡ ሳይሆን ካየሁት ልጀምር።

ባለፈው ኅዳር ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የፓስታ ካርቶን ክዳን በብብቷ ይዛ ገባች። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ትንንሽ ሳጥኖች ተሥለዋል፤ በየሳጥኑ አንድ አንድ ፊደል። «ኪቦርድ ነው፤ መምህራችን ሁላችሁም ሠርታችሁ ተለማመዱ ብለውናል» አለችኝ። እራት እስኪደርስ ድረስ ዐይኗን ጣሪያ ላይ ተክላ ጣቶቿን ካርቶኑ ላይ ታመላልስ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ጠጋ ብሎ «ስትጫኚው ምን ይሆናል?» አላት። «ምንም» አለችው፣ ሥራዋንም ቀጠለች።

በማግስቱ ክፍሏን ለማየት ሄድኩ። 62 ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። መብራት የለም። የአይሲቲ መምህሩ የራሳቸውን አሮጌ ላፕቶፕ ከቤት ይዘው መጥተው ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ተራ በተራ እየመጣችሁ አንድ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ» አሏቸው። የሚጻፈው «ሰላም ቱሉ ዲምቱ» ነው። የመጀመሪያው ልጅ ኤስን ሲጫን «ስ» ብቅ አለች። ቀጥላ የመጣችው ልጅ ኢን ስትጫን «ስ» እዚያው ቆማ «ሰ» ሆነች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እንዲህ እንዲህ እያሉ 16 ልጆች ተነሡ፤ የመጨረሻዋ «ቱ» እንደተጻፈች ብዙም ሳይቆይ ባትሪው አልቆ ላፕቶፑ ጠፋ። 46ቱ ልጆች ተራቸው ሳይደርስ ቀረ። የእኔዋም ከእነሱ አንዷ ናት።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩን አማርኛ ማን አስተማረው?» መምህሩ ደስ አላቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር የሚሰጥ ዩኒኮድ የሚባል የዓለም መዝገብ እንዳለ፣ የእኛ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም እንደገባ፣ ለዚህም ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እንደደከሙ ነገሩት። ልጁ ጥቂት አሰበና «እና ሰው ነው?» አለ። «አዎ፣ ሰው ነው» አሉት።

እኔ የዚያን ልጅ ጥያቄ ይዤ ነው ደጃችሁ የመጣሁት። ልጆቻችን ስልክ ያውቃሉ፤ ለአያቶቻቸው በቴሌብር ገንዘብ የሚልኩት እነሱ ናቸው። ያላገኙት ይህን መሣሪያ ሰው እንደሠራውና እነሱም ሊሠሩት እንደሚችሉ በእጃቸው የሚያዩበት ክፍል ነው።

«ገና ስምንተኛ ክፍል ናቸው፣ ምን ያስቸኩላል?» የሚል ወላጅ አጋጥሞኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ገና በአንደኛ ዓመቱ ስለ ዳታ ሳይንስ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ እርስ በርስ በኢንተርኔት ስለሚገናኙ ዕቃዎች የሚያስተምር ኮርስ ይጠብቀዋል። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ግን በኢንተርኔት ነው፣ የእናቱን ስልክ ለግማሽ ሰዓት የሚዋስ ልጅ ኮድ ጽፎ ሊማርበት ይቸገራል። ከአራት ዓመት በኋላ ፈተናው ፊት ተቀምጦ ማውሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ ልጅ የሚፈተነው በሒሳቡ ብቻ አይሆንም።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ተማሪ ነበርኩ። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቴሌቪዥን ይመጣልን ነበር። ጥሩ ትምህርት አልነበረም አልልም፤ በሥዕል ያየሁት የደም ዝውውር እስካሁን አይረሳኝም። ግን አቁሙልኝ፣ ድገሙልኝ ማለት አይቻልም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። አራት ዓመት ሙሉ ቴክኖሎጂ አየሁ እንጂ አንድም ቀን አልነካሁም።

በትምህርት ቤታችን ከዓመታት በፊት የሆነውንም ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ፤ የምትሰጡት ገንዘብ እንደዚያው እንዳይሆን ሰግታችሁ ይሆናልና። በጎ አድራጊዎች 12 ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሰጥተውን ነበር። ክፍሉ ተመረቀ፣ ፎቶ ተነሣ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ በመጀመሪያው ክረምት ሰባቱ ተቃጠሉ። የቀሩትን አምስቱን «ልጆች ያበላሿቸዋል» ተብሎ ተቆለፈባቸው። ቁልፉን የያዙት ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ክፍሉ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ባለፈው ጥር እኔና ሁለት ወላጆች ስናስከፍተው ኪቦርዶቹ ገና ከፕላስቲካቸው አልወጡም። ቆሜ አለቀስኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ የአሁኑ ዕቅዳችን የሚጀምረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከመብራት ነው። ክፍሉ የራሱ መስመር፣ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለዕቃዎቹ እንዲሆን የሚቀይር ኢንቨርተር ይኖረዋል። ዴስክቶፕ ትተን ላፕቶፕ የመረጥነውም ለዚሁ ነው፤ የራሱ ባትሪ አለው፣ ብዙ ኃይልም አይበላም። የአንዱ ቻርጀር 65 ዋት ገደማ ነው፤ 20ዎቹ አብረው ቢሰኩ 1,300 ዋት፣ የአንድ እንጀራ ምጣድ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አዲስ አንገዛም። ደህና ስላሽ ላፕቶፕ ገዝተን በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያስኬደውን ሊኑክስ እንጭንበታለን፤ ነፃ ነው፣ በአሮጌ ማሽን ላይም ሳይንቀራፈፍ ይሠራል።

ኢንተርኔት ሁልጊዜ አይኖረንም። መኖር ያለበትም አይመስለኝም። ራስፕቤሪ ፓይ የሚባል መዳፍ የማይሞላ ኮምፒውተር ላይ ኮሊብሪ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነን ትምህርቶችን፣ ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን እናስቀምጥበታለን፤ ላፕቶፖቹ በክፍሉ ዋይፋይ ከእሱ ያነባሉ። ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምሩት ስክራች በሚባል ለልጆች በተዘጋጀ የኮድ መጻፊያ ነው። ስክራች ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትእዛዞቹ በአማርኛ ይመጣሉ፤ እንግሊዝኛው ያልጠነከረ ልጅም ከበር አይመለስም።

አሁን ልጆቹ ራሳቸው ስለመረጡት ሥራ ልንገራችሁ። ውሃ የሚመጣው በሌሊት መሆኑን የኮንዶሚኒየም ሰው ሁሉ ያውቃል። የትምህርት ቤቱ ሮቶ ሞልቶ እስኪነጋ ሲፈስ ያድራል፤ የሚፈሰውን በሌላ ዕቃ የሚይዘው ስለሌለ በማግስቱ ለምገባው ወጥ ቤት ውሃ ይጎድላል። ልጆቹ ሮቶው ሲሞላ ለጥበቃው የሚጮህ ደወል መሥራት ይፈልጋሉ። መምህሩ ነግረውኝ ነው የገባኝ፤ ክዳኑ ሥር የሚገጠመው ሴንሰር ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ውሃው 1.7 ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ ደርሶ መልሱ 3.4 ሜትር፣ ጊዜውም አንድ መቶኛ ሰከንድ ነው። ውሃው ከፍ እያለ ሲመጣ ጊዜው ያጥራል፤ ልጆቹ ከወሰኑት ሲያንስ ደወሉ ይጮኻል። ይህን የሚያሰላው አርዱዊኖ የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ነው፤ ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ርካሽ ቅጂው ብዙ ነው። ፊዚክስ፣ ሒሳብና ኮድ ሮቶው ላይ ሲገናኙ ማየት እንዴት እንደምጓጓ ልነግራችሁ አልችልም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጠየቃችሁኝ ወላጆች ነበራችሁ። ትልልቆቹ ልጆች ከወዲሁ የቤት ሥራቸውን በስልክ በእሱ እያሠሩ ነው፤ መከልከሉ አልሠራም። መምህሩ ያሰቡት ልጆቹ ስለ ገዛ ሰፈራቸው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጠይቀውት የተሳሳተውን እንዲያርሙ ማድረግ ነው። እኔ ይህን ደግፌያለሁ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በሚያዝያ መጨረሻ ከሦስት ሱቅ ዋጋ አስወጥተናል። 20 ላፕቶፕ እያንዳንዱ በ28,000 ብር 560,000 ብር፣ ኢንቨርተር ከባትሪውና ከመስመር ዝርጋታው ጋር 145,000 ብር፣ የጠረጴዛ እንጨትና የበር ፍርግርግ 38,000 ብር፣ ራስፕቤሪ ፓይ፣ አርዱዊኖና ሴንሰሮች 27,000 ብር፤ ጠቅላላ 770,000 ብር ነው። የአናጺ የእጅ ዋጋ የለበትም፤ ሁለት አባቶች በነፃ ሊሠሩ ቃል ገብተዋል። እስካሁን 231,000 ብር ሰብስበናል። የቀረው 539,000 ብር ነው።

በሰፈራችን ብሎኮች ወደ 600 አባወራና እማወራ አለን። አንድ ቤት በወር 300 ብር ለግንቦት፣ ለሰኔና ለሐምሌ ቢያዋጣ ይሸፈናል። 300 ብር ለሁሉም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያልቻለ ይተው፣ የቻለ የጎረቤቱን ይጨምር። የእድራችንን ድንኳን፣ ብረት ድስትና ወንበር ማንም መጥቶ አልሰጠንም፤ በየወሩ አዋጥተን የገዛነው ነው። ለቀብርና ለሠርግ የተባበርን ሰዎች ለልጆቻችን ክፍል አንሰንፍም ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡ የሚገባው በርዕሰ መምህሩ፣ በወተመህ ሰብሳቢና በአንድ የወላጅ ተወካይ የጋራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ነው። ቁጥሩ ማኅተም አርፎበት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ ከዚያ ላይ ብቻ ውሰዱ፣ በስልክ ደውሎ ሌላ ቁጥር ለሚሰጣችሁ ሰው እንዳትልኩ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ለማንም በእጅ አትስጡ። የሚገዛው ዕቃ ሁሉ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ማድረጊያ ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል። ወጪው በየወሩ መጨረሻ ከደረሰኞቹ ጋር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ በመምህሩ፣ አንዱ በወተመህ እጅ ይሆናል፤ ክፍሉ ቅዳሜም ይከፈታል።

ከገንዘብ ሌላም የምንፈልገው አለ። ቤታችሁ የተቀመጠ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም አልነሣ ያለ ላፕቶፕ ካለ አምጡልን፤ ከሁለት የሞተ አንድ የሚሠራ ይወጣል፣ ልጆቹም ፈተው ያዩታል። ከውጭ አገር የምትመጡ፣ በሻንጣችሁ ጥግ ጥቂት ሴንሰሮች ብትይዙልን ከሁሉ ይበልጥብናል። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ የሰፈራችን ልጆች፣ በወር አንድ ቅዳሜ ስጡን። ኤሌክትሪሻን የሆናችሁ ደግሞ በጣም ታስፈልጉናላችሁ፤ የመስመር ዝርጋታው በሐምሌ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይጀመራል፣ ከዚያ በፊት ግን የቆጣሪው አቅም መታየት አለበት። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ክፍል ውስጥ አለን፤ ቴስተራችሁን ይዛችሁ ኑ።