የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አሥራ ስምንት ሜትር ገመድ

የክበቡ ተጠሪ ከሆንኩ ጀምሮ ለዚህ መጽሔት የማቀርበው ዘገባ ሁለት አንቀጽ ሞልቶ አያውቅም። የአባላት ብዛት፣ የስብሰባ ብዛት፣ ሁለት የግድግዳ ጋዜጣ፣ ምስጋና፤ አለቀ። ዘንድሮ አዘጋጁ ተማሪ «መምህር፣ የእርስዎ ክበብ ገጹን አይሞላም» ብሎ አስቀድሞ ስለ ቀለደብኝ እልህ ይዞኛል፤ ገጽ ከበዛበት ራሱን ይውቀስ።

አባላቱ 34 ነበሩ፤ 19 ሴቶች፣ 15 ወንዶች። የተሰበሰብነው ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የደብረ ብርሃንን የጥቅምትና የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ሰው ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ጋቢ ደርቦ ስለ ታሪክ መከራከር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በጀታችን ለማርከርና ለወረቀት እንኳ አልበቃም። ገመዱን የገዛነው ከኪሳችን አዋጥተን ነው።

ገመዱ የመጣው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ የአንድን የጦርነት ዘመን መሪ ሕይወት ወስደን፣ እሱ በኖረባቸው ዓመታት ዓለም ምን ላይ እንደነበረች ጎን ለጎን እናስቀምጥ አልኩ። ማንን? በድምፅ ብልጫ የእንግሊዙ ዊንስተን ቸርችል ተመረጠ። እውነቱን ለመናገር እኔ ሌላ ሰው ነበር የፈለግሁት፤ ነገር ግን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቸርችልን በቃሉ ያውቀዋል፣ ሲጋራውን ሳይቀር፤ ጓደኞቹን አሳመነ። አንድ ዓመት አንድ ስንዝር እንዲሆን ተስማማን። መካከል ላይ ገመዱ የሰውየው ሕይወት፣ ከላይ የዓለም ክንውን፣ ከታች የሀገራችን።

የመጀመሪያው ጥፋት የስንዝሩ ነው። ገመዱን ሁለት ተማሪዎች ተከፋፍለው ለኩት፤ መጀመሪያውን ግማሽ የሰፈረው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ፣ ሁለተኛውን የ9ኛ ክፍሏ ልጅ። ተሰቅሎ ስናየው ቸርችል ተማሪ ሳለ ያሳለፈው አንድ ዓመት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ዓመት ይረዝማል! ፈታነው። በማስመሪያ አንድ ዓመት 20 ሴንቲ ሜትር ብለን እንደገና ቋጠርነው። ሰውየው ኅዳር 22 ቀን 1867 ዓ.ም. ብሌኒም ቤተ መንግሥት ውስጥ ተወልዶ ጥር 16 ቀን 1957 ዓ.ም. ስለ ሞተ ገመዱ 18 ሜትር ከትንሽ ወጣው።

ሁለተኛው ጥፋት የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ይህኛው የሁላችንም ነው። አንዲት ተማሪ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ የጻፈችበትን ወረቀት ጀርመን እጅ ከሰጠችበት ቀን ሥር ለጠፈችው። ያነበበችው መጽሐፍ 1937 ይላል፤ የአውሮፓ 1937። ገመዳችን ላይ ያለው 1937 ግን የእኛው ነው፤ ጀርመን የተሸነፈችበት፣ ሚያዝያ 30 ቀን። ጭፍጨፋው የተፈጸመው በእኛ 1929 ስለሆነ ወረቀቱ ስምንት ዓመት፣ ማለትም 1 ሜትር ከ60 ተሳስቶ ተሰቅሏል። ልጅቱ አለቀሰች። እኔም ባለፈው ዓመት ፈተና ሳወጣ ተመሳሳይ ስህተት እንደሠራሁ ነገርኳት፤ እዚህ ስለ ጻፍኩት አሁን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ የአውሮፓው ዓመት በሰማያዊ፣ የእኛው በቀይ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ስህተቱም ቆመ።

የገመዱ መጀመሪያ አካባቢ ብዙ ሳቅ ነበር። ቸርችል የሳንድኸርስትን የጦር ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው ማለፉ ሲነገር የ12ኛ ክፍሎቹ አጨበጨቡ። (ወላጆች ሆይ፣ ጭብጨባውን ያስተማርኳቸው እኔ አይደለሁም።) 4 ሜትር ከሩብ ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። የካቲት 1888፤ ከታች ዓድዋ፣ ከላይ ገመዱ ላይ የ21 ዓመት ምክትል መቶ አለቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ በነሐሴ 1890 ይኸው ወጣት ሱዳን ውስጥ ኦምዱርማን ላይ በፈረስ ሆኖ ከመሐዲስቶች ጋር ይዋጋል። አንዱ ተማሪ «መሐዲስቶች? ዐፄ ዮሐንስ የሞቱባቸው?» አለ። አዎ፣ እነሱው። መጋቢት 1881 መተማ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ የወደቁበት ቋጠሮ ከኦምዱርማኑ ቋጠሮ በግራ በኩል ሁለት ሜትር አይርቅም። እኔ ራሴ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻ ስንት ዓመት አስተምሬአቸዋለሁ፤ ገመድ ላይ እስካያቸው ድረስ ጎን ለጎን አስቤያቸው አላውቅም።

ከደቡብ አፍሪካ እስር ማምለጡን፣ ፓርላማ መግባቱን፣ ፓርቲ መቀያየሩን በአጭሩ አለፍነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቱርክ ውስጥ ያለችው ጋሊፖሊ ላይ ቆም አልን። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ሆኖ የደገፈው የ1907ቱ ዘመቻ ከሸፈ፤ ሹመቱን አጣ፤ ጥቂት ወራትም ምሽግ ውስጥ ሻለቃ ጦር ሲያዝ ቆየ። በማግሥቱ ዓመት፣ ፈረንሳይ ውስጥ የሶም ጦርነት ገና ሲፋፋም፣ ከታች በኩል ጥቅምት 17 ቀን 1909 የሰገሌ ጦርነት ይመጣል። ሰገሌ የእኛው አካባቢ ነው። ተማሪዎቹ ስለ ሶም ታንኮች አንብበው መጥተው ነበር፤ በዚያው ወር በደጃችን ስለ ዙፋን ከተፋለሙት ሠራዊቶች ግን ከሁለቱ በቀር የሰማ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ልጆቹን ለመክሰስ አይደለም፤ ያስተማርናቸው እኛ ነን።

ቸርችልን ያስመረጠው ልጅ የተፈተነው 1919 ላይ ነው። ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ በዚያ ዓመት ጥር ወር ሮም ሄዶ ሙሶሊኒን ማወደሱን፣ ጣሊያናዊ ብሆን ኖሮ ከኮሙኒዝም ጋር በምታደርጉት ትግል ከጎናችሁ እቆም ነበር የሚል ሐሳብ ለጋዜጠኞች መናገሩን ራሱ ልጁ ነው ያገኘው። ለሁለት ሳምንት ወረቀቱን አልሰቀለውም። ሦስተኛው ዓርብ ላይ ምንም ሳይናገር መጣ፣ ሰቀለው፣ ተቀመጠ። ዓመቱን ሙሉ ካየሁት ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ከዚያ የደረስነው ክበቡን ወር ተኩል ያቆየው ቦታ ላይ ነው፤ ከ1928 እስከ 1932 ድረስ ባለው 80 ሴንቲ ሜትር። ከታች ያለው ረድፍ ወረቀት መሸከም አቃተው። መስከረም 1928 ወረራው፣ መጋቢት ማይጨው፣ ሚያዝያ 27 የጣሊያን አዲስ አበባ መግባት፣ ሰኔ 23 ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ያደረጉት ንግግር፣ ከዚያ የካቲት 12፣ ከዚያ ግንቦት 1929 ደብረ ሊባኖስ፤ ከገዳሙ የተወሰዱት ዲያቆናት የተረሸኑበት እንግጫ ደግሞ ከከተማችን አጠገብ ነው። ከዚያ ሚያዝያ 1931፣ የአርበኛው ራስ አበበ አረጋይ ተከታዮችና ቤተሰቦቻቸው የተጠለሉበት የዘረት ዋሻ በመርዝ ጋዝ የተመታበት። ገመዱ ራሱ ግን እዚህ ጋ ራቁቱን ነው። ቸርችል እስከ 1931 ማብቂያ ድረስ ሥልጣን የለውም። ስለ ጀርመን ይጮኻል፤ ጣሊያን ከሂትለር ጋር እንዳትወግን ስለ ሰጋ በእኛ ጉዳይ ድምፁ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የላይኛው ረድፍም ቢሆን ብዙ አያጽናናም፤ የብሪታንያ መንግሥት በ1931 መጀመሪያ ላይ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ላላት ግዛት እውቅና ሰጥቷል። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀምጠዋል።

ገመዱ 13 ሜትር ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ግንቦት 2 ቀን 1932 ቸርችል በ65 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በዚያው ቀን ጀርመን ሆላንድንና ቤልጂየምን ወረረች። ከዚያ የፈረንሳይዋ ወደብ ዳንኬርክ፣ ከ338,000 የማያንስ ወታደር በመርከብና በጀልባ የወጣበት። ሰኔ 3 ቀን ሙሶሊኒ በብሪታንያ ላይ ጦርነት አወጀ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሱዳን ለማምራት ከእንግሊዝ ተነሡ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማስመሪያዋን አወጣች። ንጉሠ ነገሥቱ ባዝ የጠበቁትን ለካች፤ 80 ሴንቲ ሜትር። ከጦርነት አዋጁ እስከ ጉዟቸው ያለውን ለካች፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጽፋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የየካቲቱ ክርክራችን «ኢትዮጵያን ነፃ ያወጣት ማን ነው?» በሚል የተካሄደው ከዚህ የተነሣ ነው። አንደኛው ወገን የእንግሊዝን ጦር፣ አውሮፕላኑን፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም የገባውን የእንግሊዛዊውን መኮንን የዊንጌትን ኃይል፣ ከኬንያና ከሱዳን የመጣውን ሠራዊት ደረደረ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ መገባቱ ያለዚህ ኃይል አይታሰብም አለ። ሌላኛው ወገን ደግሞ እነ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞን፣ እነ ራስ አበበን ጠርቶ፣ ጣሊያን ከከተማና ከምሽግ ወጥቶ ማደር ያቃተው ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆኑ በፊት ነው አለ። ዳኞቹ ነጥብ እኩል ሰጡ። እኔ ዳኛ ብሆን ኖሮ ለሁለተኛው ወገን እሰጥ ነበር፤ የመጀመሪያው ወገን ግን የተሻለ ተዘጋጅቶ መምጣቱን አልክድም።

በመጋቢት ጣርማ በር ሄድን። የመኪናው ኪራይ ዋጋ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጉሙ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው እንኳ አያሳይም ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ ላይ ተሰብስበን ቆምን። ተራራው የተበሳው በጣሊያን ዘመን ነው፤ እዚያው 80 ሴንቲ ሜትር ውስጥ። ዛሬም ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው የጭነት መኪና ያልፍበታል። ጣሊያኖች መንገድ ሠርተውልናል የሚለው የታወቀ ክርክር ተነሣ። ብርዱ ከሩብ ሰዓት በላይ አላስከራከረንም።

የቀረውን ላሳጥረው። በ1935 እና በ1936 ቤንጋል ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብ ማለቁ በየትኛው ረድፍ ይሰቀል የሚለው አጨቃጨቀን፤ ከላይ «ዓለም» ውስጥ ነው ወይስ ገመዱ ላይ፣ የሰውየው መንግሥት ውሳኔ ስላለበት? በመጨረሻ ከላይ ሰቅለን በክር ከገመዱ ጋር አገናኘነው። የካቲት 1937 ካይሮ ላይ ቸርችልና ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መገናኘታቸውን ሁሉም ወደደው። ከአምስት ወር በኋላ ቸርችል በምርጫ መሸነፉን ግን ማንም አላመነም፤ ሦስት ጊዜ አስረዳሁ።

የኮሪደራችን ግድግዳ 15 ሜትር ብቻ ስለሆነ ገመዱ 1942 ላይ ታጥፎ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይዞራል። ስለዚህ ሁለተኛው የቸርችል ሥልጣን፣ የ1946ቱ የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማትና የንጉሠ ነገሥቱ የ1947 የለንደን ጉብኝት ከበሩ አጠገብ ተሰቀሉ። ባለጉዳይ ወላጆች ተራ ሲጠብቁ ያነቧቸዋል። ከታች በኩል በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተገደሉት ራስ አበበ አሉ፤ ከቸርችል አራት ዓመት ቀድመው።

ሚያዝያ 27 ለበዓሉ የተጋበዙ አንድ አዛውንት፣ የአንዱ ተማሪያችን አያት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት። ስለ ሁሉም ቋጠሮ አስረዳናቸው። ሲጨርሱ «ሰውዬው ግን ብዙ ኖረ» አሉ። ከዚያ ተመልሰው 1929 ላይ ቆሙ፤ «አባቴ እዚህ ጋ ነው» ብለው በጣታቸው ነኩት። ወረቀት አልነበረንም። በማግሥቱ ተጻፈ።

አባላቱ ለሚቀጥለው ዓመት የራስ አበበን ገመድ ለመሥራት ወስነዋል፤ እኔ መጀመሪያ የፈለግሁት ሰው እሳቸው እንደነበሩ አልነገርኳቸውም። የዘንድሮው ገመድ ተጠቅልሎ ቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ዘንድ ነው። በክረምት ጣሪያው ስለሚያፈስ ከላይኛው መደርደሪያ እንዳይወርድ። ሰኔ 1932 ላይ ያሉት ሁለት ቋጠሮዎች በጣም ስለ ተቀራረቡ እየላሉ ነው፤ ገመዱን የሚያወጣው ሰው እነሱን እንዳይስብ።