«ዕድሜ ልክ» የሚለው ላይ አልስማማም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ዓምደኛችሁ ባለፈው እትም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዕድሜ ልኩን ካልተሾመ ነፃ አይሆንም ብለዋል። ግማሹን እስማማለሁ። 26 ዓመት የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ዳኛ ዕድገት ሲጠብቁ አንዱን ፍርድ ሦስት ጊዜ ደግሜ ታይፕ እንዳደርግ አዘዙኝ። ውሳኔው ያው ነው። ግን በየዙሩ አንድ ጠንከር ያለ ቃል ይወጣል። ሦስተኛው ላይ ጥፋቱን ማን እንደሠራው እንኳ አይለይም ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገን እያሰቡ ነው።

መድኃኒቱ ላይ ግን እንለያያለን። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዝዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፣ ከዚያ በኋላ ገደብ የለም። ወንበሩ የሚለቀቀው ዳኛው ሲሞት ወይም በቃኝ ሲል ስለሆነ አገር ሁሉ የሽማግሌ ዕድሜ ሲቆጥር ይኖራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ዳኛ ስካሊያ ሞቱ። ኦባማ ሜሪክ ጋርላንድን አጩ፤ ሴኔቱ ምርጫ ደርሷል ብሎ ሳይሰማቸው ዓመቱ አለቀ። በ2020 ዳኛ ጊንስበርግ ያረፉት ምርጫው 46 ቀን ሲቀረው ነው። ያኔ ግን ሴኔቱ «ምርጫ ደርሷል» ማለቱን ትቶ በምትካቸው የታጩትን ኤሚ ባሬትን ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው 52 ለ48 አጸደቀ። ሕግ አልተጣሰም። የጠፋው ይሉኝታ ነው።

የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት 16 ዳኞች አሉት። ግማሹን ቡንደስታግ (የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ)፣ ግማሹን ቡንደስራት (የክልሎች ምክር ቤቱ) ይመርጣል፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። አንድ ፓርቲ ብቻውን ስለማይሞላው ሌላው ጨርሶ የማይቀበለውን ሰው ማቅረብ ድካም ነው። ዘመኑ 12 ዓመት ነው፣ ዕድሜ 68 ከሞላ ግን ከዚያም በፊት ያበቃል። ድጋሚ መመረጥ ብሎ ነገር የለም። እኔን የማረከችኝ ይህቺ ናት። ዳግመኛ የማይሾም ዳኛ ማንን ደስ ለማሰኘት ቃል ያወጣል?

ጣጣ የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ፓርቲዎቹ በአንዲት ዕጩ ሳይስማሙ ቀርተው የድምፅ አሰጣጡ በዕለቱ ተሰረዘ። ዕጩዋ ራሳቸውን አገለሉ፣ ሌላ ሰው ቀረበ፣ ምርጫው በመስከረም አለቀ። እንዲህ ያለውን ጭቅጭቅ ሞት ከመጠባበቅ እመርጠዋለሁ።

ዓምደኛችሁ ከተመለሱበት ግን አንድ ነገር ቢያነሱልን። 12 ዓመቱ ሲያልቅ ጥሩ ሥራ የሚያስብ ዳኛስ? እሱም እኮ ነገን እያሰበ ነው። ይህን እኔም አልፈታሁትም።

የቀድሞ የችሎት ጸሐፊ