ከሚሳይሉ ዋጋ በፊት ማነጣጠሪያው ይታሰብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዘመናዊ ጸረ ታንክ ሚሳይሎች ግዢ በጋዜጣችሁ የወጣው ጽሑፍ መሣሪያዎቹን በርቀትና በዋጋ ብቻ በማወዳደሩ፣ ገዢ አገር ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባውን የጥገና ጉዳይ ሳይነካ አልፏል። በጅማ ለረጅም ዓመታት ማይክሮስኮፕና መነጽር ስጠግን የኖርኩ በመሆኔ በዚህ ረገድ ጥቂት ልበል።

እ.ኤ.አ. በ1996 አገልግሎት ላይ የዋለውን የአሜሪካውን ጃቭሊን ብንወስድ፣ ተኳሹ ዒላማውን አስይዞ ከለቀቀው በኋላ ሚሳይሉ ታንኩን ራሱ ተከታትሎ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ብረቱ በሚሳሳበት በጣሪያው በኩል ይመታል። ከነቱቦው 16 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ሚሳይል አንዴ ተተኩሶ ያልቃል፤ ከ6 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጠው፣ ዒላማውን በሙቀቱ ለይቶ የሚያሳየው ማነጣጠሪያ ግን እየተፈታ በሌላ ሚሳይል ላይ የሚገጠም፣ ሌሊትም ለቅኝት የሚያገለግል ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝናብና አቧራ የሚፈራረቅበት እሱ ነው።

በእኛ አገር ክረምት ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ማይክሮስኮፕ በመስከረም ሲወጣ፣ ሌንሱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አብቅሎ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ቶሎ ካልተጠረገም የመስተዋቱን ሽፋን በልቶ ጠባሳ ይተዋል። የጦር ሜዳ ማነጣጠሪያ እርጥበት እንዳይገባው ታሽጎ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የማሸጊያው ጎማ ያረጃል፣ ሌንሱም አብዛኛውን ጊዜ ጀርማኒየም ከተባለ ንጥረ ነገር እንጂ ከተራ መስተዋት ስለማይሠራ ከገበያ ተፈልጎ የሚተካ አይደለም። አንድ ማነጣጠሪያ ለጥገና ባሕር ማዶ ተልኮ ወራት ከቆየ፣ በእሱ ሊተኮሱ የታሰቡት ሚሳይሎች መጋዘን ውስጥ ያለ ሥራ ይቀመጣሉ።

ሥልጠናውም ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1973ቱ ጦርነት የግብፅ ወታደሮች በሶቪየት ሠራሹ ጸረ ታንክ ሚሳይል በማልዩትካ የእስራኤልን ታንኮች ያነደዱት፣ አስቀድመው እውነተኛ ሚሳይል ሳይተኩሱ በሚለማመዱበት ማስመሰያ መሣሪያ ላይ ደጋግመው ስለተለማመዱ ነበር። አዲሶቹ ሚሳይሎች ለተኳሹ ቀለል ቢሉም ውድ በመሆናቸው እውነተኛውን ተኩሶ የሚለማመደው ወታደር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማስመሰያው አብሮ ካልተገዛ ግዢው ጎዶሎ ነው።

በመሆኑም ዝግጅት ክፍሉ ወደ ጉዳዩ ሲመለስ፣ ከእንዲህ ዓይነት ውሎች ምን ያህሉ ለመለዋወጫ፣ ለመፈተሻ መሣሪያና ለአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥልጠና እንደሚውል፣ ሻጩም ማነጣጠሪያውን እዚሁ ከፍቶ መጠገንን ይፈቅድ እንደሆነ የሚመለከታቸውን ጠይቆ እንዲያቀርብልን በአክብሮት አመለክታለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጅማ